ተኝቶ የሚበራው አምፖል

የተማሪዎቼን የደንብ ልብስ ላዝዝ ወደ ልብስ ስፌቱ ድርጅት ስሄድ፣ በሩ ላይ ከመብራት ሠራተኛው ጋር ተገጣጠምን። ሽማግሌው መሰላል ተሸክመዋል። ከኋላቸው የወንድማቸው ልጅ አምፖል በካርቶን ይዛ ትከተላለች። ልጅቱን ሳይንስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ አሁን ቴክኒክ ተምራ እዚያው ድርጅት ተቀጥራለች። ሁለቱም ተኮሳትረዋል።

“እንኳን መጡ መምህር” አሉኝ ሽማግሌው። “ይቺን ልጅ ያበላሿት እርስዎ ነዎት፣ እርስዎው ይገላግሉኝ።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌው ‘የተኛ አምፖል ብርሃኑ ሰፋ ብሎ ይወርዳል’ ብለው፣ የአዳራሹን ትልልቅ ባለ ጋዝ አምፖሎች ሃያ ዓመት ሙሉ በጎናቸው አስተኝተው ነው የሚያስሩት። አምፖሎቹ ግን አይበረክቱም። ባለፈው ሳምንት አንዱ ፈንድቶ የጋለ ስባሪው ጨርቅ አቃጠለ። ጨርቁን ትሰፋ የነበረችው የገዛ ባለቤታቸው ናት፤ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ዛሬ አዲሱን አምፖል እዚያው ሊያስተኙ ሲሉ ልጅቱ አይሆንም አለች።

ሽማግሌው ጥፋቱን በአምፖል ሠሪዎቹ ላይ ጣሉት። የዘንድሮ ዕቃ እንደ ዘንድሮ ልጅ ቶሎ ይግላል አሉ። ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

“ጋሼ፣ በየወሩ እየወጡ አምፖሎቹን የሚያገላብጧቸው ለምንድን ነው?”

“የውስጥ ቱቧቸው ላዩ ስለሚያብጥ ነዋ። ሁለቱም ጎን እኩል ይድከም ብዬ።”

“ታቹስ ለምን አያብጥም?”

ሽማግሌው መሰላሉን ከትከሻቸው አውርደው ግድግዳው ላይ አስደገፉ። የማገላበጡን ዘዴ የፈጠሩት ራሳቸው ናቸው፣ ይኮሩበታልም፤ ይህን ግን ጠይቀው አያውቁም። ልጅቱ ከፈነዳው አምፖል ውስጥ የወጣች፣ ጣት የምታህል ያበጠች ቱቦ ከኪሷ አውጥታ በጎኗ ያዘቻት።

“እዚህ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የኤሌክትሪክ እሳት መስመር አለ። የጋለው ጋዝ ይቀልላል። ቀዝቃዛው ስለሚከብድ መሬት ወደ ታች ትስበዋለች፣ እሱም ትኩሱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ያን ጊዜ እሳቱ አብሮ ወደ ላይ ይጎብጥና የቱቦዋን ጣሪያ ይልሳል። መሬት ባትስብ ኖሮ ቱቦዋ ብትተኛም እሳቱ ባልጎበጠ። ስትቆም ግን እሳቱ መሐል ለመሐል ቀጥ ይላል። ለመተኛት የተሠራ አምፖልም አለ። ይህኛው ቆሞ እንዲበራ የተሠራ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ተሥሏል።”

ሽማግሌው ካርቶኑን አገላብጠው አዩት። ሃያ ዓመት ሳያዩ ሲጥሉት ኖረዋል። ወደኔ ዞር ሲሉ ልጅቱ ልክ መሆኗን ነገርኳቸው።

“ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት” አሉ ቀስ ብለው። “ሃያ ዓመት ተሳስቻለኋ።”

“ላዩ እንደሚጎዳ ከሁላችንም በፊት ያዩት እኮ እርስዎ ነዎት፤ ምክንያቱን የሚነግርዎት ነው ያጡት” አለቻቸው።

ያም ሆኖ ልባቸው አልቆረጠም። ወደ አዳራሹ ስንገባ ወደ ባለቤታቸው ሄዱና፣ አምፖሉ ከፈነዳ ወዲህ ሌላ ቦታ ስጡኝ ያላለችው ለምን እንደሆነ ጠየቋት። እሷ የስፌት መኪናዋን አላቆመችም።

“አንተ የሰቀልከው መብራት ነው። እኔ ከሥሩ ከተነሣሁ ማን ይቀመጣል?”

ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ልጅቱን መሰላሉን እንድትይዝላቸው ለመኗት፤ የመጀመሪያውንም አምፖል ከሚስታቸው ራስ በላይ ቀጥ አድርገው አቆሙት፣ ከሥሩም ጠንካራ የመስታወት ክዳን አሰሩለት።

በዓመቱ ለሌላ ልብስ ተመለስኩ። አምፖሎቹ ሁሉ ቆመዋል፤ አንድም አልፈነዳም። በየሦስት ወሩ ይለወጥ የነበረው አምፖል ዓመት ሞልቶታል፣ መሰላሉም አቧራ ለብሷል። ሽማግሌው አሁን ካርቶን ሳያነቡ አምፖል አይነኩም፤ ልጅቱንም ‘አስተማሪዬ’ ነው የሚሏት። ሰው ስህተቱን ሲያምን ክብሩ እንደማይጎድል ከሳቸው አየሁ።

ባለቤታቸው ዛሬም እዚያው ቦታዋ ናት።

“አሁንማ አትፈሪም” አልኳት።

“እኔ ድሮም አልፈራሁም” አለች።

ሽማግሌው ወደ መብራቱ ቀና አሉ። “እኔ ነበርኩ የምፈራው። በየወሩ አገላብጠው የነበረው ለምን ይመስልሻል?”