የሰኞዋ ክኒን

ዝናቡ መንገድ ላይ ባይይዛት ኖሮ እናትየዋ የሰዓት ሠሪው ሱቅ በር ላይ ባልተጠለለች። ሰዓት ሠሪው ሽማግሌ በርጩማ አቀረቡላት። እጃቸውን ስታይ ግን መቀመጡን ረሳችው፤ አንጓዎቹ አብጠው ጣቶቹ ሁሉ ወደ ትንሿ ጣት ተጋድመዋል።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እጅዎን ምን አገኘዎት?"

"የራሴ ብልጠት አገኘኝ፣ እሜቴ" አሉ እየሳቁ። "ሐኪሞቹ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይሉታል። እኔ ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው እያልኩ ስሟገት ዓመታት አለፉ።"

እናትየዋ ክው አለች። የልጇ በሽታ ነው። ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጠዋት እጇ እስከ ረፋድ ድረስ አልታጠፍ ይላታል። ሐኪሙ ሰኞ ሰኞ ብቻ የምትውጠው ሜቶትሬክሴት የተባለ መድኃኒት፣ በሌላ ቀን ደግሞ ቫይታሚን አዞላታል። እናትየዋ ግን ከመድኃኒቱ ጋር የመጣውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ጉበት ይላል፣ ሳንባ ይላል፣ ደም ይላል። ፊደል የቆጠረ ሰው ፍርሃቱንም አንብቦ ነው የሚያገኘው። መድኃኒቱን ደበቀችና ሰኞ በመጣ ቁጥር ቫይታሚኑን ሰጠቻት። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ ልጅቷ አላወቀችም። ይኸው ሁለት ወር ሆነ።

"በሳምንት አንዴ የሚዋጠው መድኃኒት ጉበት ይጨርሳል ይባላል" አለች፣ እንደ ዋዛ።

"ማን አለ?"

"ወረቀቱ።"

"እኔም አንብቤዋለሁ፤ ያውም በሰዓት መጠገኛ መነጽር!" ሽማግሌው ሳቃቸውን ገቱ። "ወረቀቱ አልዋሸም፣ እሜቴ። ለዚህ እኮ ነው ደም በየጊዜው የሚመረመረው። ጉበት ቅር ሲለው ሐኪሙ ቀድሞ ያያል፤ መጠኑን ይቀንሳል፣ ወይም ይለውጣል። በሽታው ግን ወረቀት ይዞ አይመጣም። ቢይዝ ኖሮ ይኼ ነበር የሚጻፍበት" ብለው እጃቸውን አነሱ።

"ልጄ ግን ማስታገሻ ስትውጥ ይሻላታል።"

አሁን ነገሩ ገባቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሰዓት ሲንጫጫ ጥጥ ቢጠቀልሉበት ጩኸቱ ይጠፋል፤ የውስጥ ጥርሶቹ መበላት ግን አይቆምም። በዚህ በሽታ የሰውነት ዘበኛ የገዛ ቤቱን ሰው ሌባ ነው ብሎ ይደበድባል። የመገጣጠሚያው ሽፋን ያብጣል፤ ከዚያ ልስልሱ አጥንት፣ ቀጥሎ ጠንካራው ይበላል። ማስታገሻ ሥቃዩን ያበርዳል። ዘበኛውን የሚያረጋጋው የሳምንቱ መድኃኒት ነው። ለሰዓት መለዋወጫ እዚህ መሳቢያ ውስጥ አለኝ፤ ለአንጓ ከየት ሱቅ ይገዛል?"

"እርስዎ ታዲያ ለምን አልዋጡም?"

"አንድ ወር ዋጥኩና ለውጥ የለውም ብዬ ተውኩት። ለካ እስኪሠራ ሁለትና ሦስት ወር ይፈጃል! ዘግይቼ ስመለስበት እብጠቱ በረደ፤ የተጣመመው ግን አልተቃናም። ወረንጦ መያዝ አቃተኝ። ዛሬ የሰዓት ማሰሪያ ብቻ ነው የምሸጠው።"

ዝናቡ ሳያባራ ወጥታ ሄደች።

ልጅቷ መቀሱን በሁለት እጇ ይዛ ጨርቅ ስትቆርጥ አገኘቻት።

"ሰኞ ሰኞ የሰጠሁሽ ቫይታሚን ነው" አለቻት፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታራግፍ። "መድኃኒቱን ደብቄዋለሁ። እንዳይጎዳሽ ብዬ።"

"እማዬ!" ልጅቷ መቀሱን አስቀመጠች። "እኔ እኮ መድኃኒቱ እምቢ አለኝ ብዬ፣ ሥራ ልለቅ ነው ብዬ ለአሠሪዬ ነግሬያታለሁ።"

እጇን ዘረጋች። እናትየዋ የመድኃኒቱን ብልቃጥ አምጥታ አስረከበቻት።

በማግሥቱ ሐኪሙ ፊት የተናዘዘችው እናትየዋ ራሷ ናት። ሐኪሙ አልተቆጣም። አጥንቱ ገና ብዙ እንዳልተጎዳ በራጅ አይቶ፣ ደም አስመርምሮ፣ መድኃኒቱን አስጀመራት። በየቀኑ ከተዋጠ አደገኛ መሆኑን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ አስጠነቀቀ፤ ሰኞ ማለት ሰኞ ብቻ ነው አለ።

በአራተኛው ወር የአንጓዎቹ እብጠት ጎደለ። የጠዋቱ የእጅ መድረቅ ከሦስት ሰዓት ወደ ሩብ ሰዓት ወረደ። በሽታው አልጠፋም፤ ተገታ እንጂ፤ ምርመራውም በቀጠሮው ይቀጥላል። ልጅቷ ሥራዋን አልለቀቀችም፤ አሠሪዋ እንዲያውም የሙሽራ ቀሚስ እንድትሰፋ ሰጠቻት።

ብልቃጡን ግን ለእናቷ አልመለሰችም። እናትየዋም አልጠየቀችም።