አርባ አንዱ ትንፋሽና አራተኛው ፎቅ

— ሄሎ… አንድ አፍታ፣ የስፖርት ምንጣፍ እያጠብኩ ነበር፣ እጄ ሳሙና ነው… እሺ። ረውዳ ነኝ፣ የዮጋዋ። ማን ልበል?

— ጋሽ ሸዋአየሁ። ምነው ዛሬ ካዛንቺስ አልመጡም? ያለ እርስዎ ቀልድ ክፍሉ ቀዘቀዘ እኮ… ምን? ወደቁ?… እሺ፣ አልወደቁም፣ ሊወድቁ ነበር። አንዴ ይቆዩ፣ ለረዳቴ ልንገራት… ቢሊሴ፣ ሙዚቃውን ዝጊልኝ፣ ጋሽ ሸዋአየሁን አዙሯቸዋል… አዎ፣ ይንገሩኝ።

— ትናንት፣ ፈጣኑን ትንፋሽ ሲሠሩ። ጣትዎን ነዘረዎት፣ ዓይንዎ ጨለመ… አሁንስ? ደረትዎን ያምዎታል?… አያምም። ጥሩ።

— ስንት ጊዜ ሠሩት?… አርባ አንድ። ስንት ዙር?… ሰባት። ጋሽዬ፣ እኔ አሥራ አምስት፣ ከዚያ እረፍት ነው ያልኩት። አርባ አንድ ከየት መጣ?… እህ፣ እግዚኦታ እንደሚባለው… አይ፣ አልሳቅሁም። ማለቴ፣ ትንሽ ሳቅሁ። እኛ ቤት ከሶላት በኋላ የሚቆጠረው ሠላሳ ሦስት ነው፤ እሱንም ቢሆን ለትንፋሽ አልፈቅድልዎትም። ደግሞ በሁዳዴ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ።

— የሚወስዱት መድኃኒት አለ?… የደም ግፊት። ከመቼ ጀምሮ?…

— ቆይቷል ማለት ነው። ይህን ስመዘግብዎት መጠየቅ ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ግፊት ያለበት ሰው ፈጣኑን አይሠራም። በቃ፣ ይተዉት… አይደለም፣ ዮጋው አበቃ አላልኩም።

— ልጅዎ ምን አለች?… "ደረጃው አይሆናችሁም፣ ቤቱ ይከራይና እኔ ጋ ግቡ" አለች። ባለቤትዎ እትዬ ጦቢያስ?… እሳቸውም ወደዚያው አጋደሉ… አውቃለሁ፣ ኮንዶሚኒየሙን አሥር ዓመት ነው የጠበቁት።

— እስቲ ይንገሩኝ፣ ባለፈው ሳምንት አራተኛ ፎቅ ድረስ ስንቴ አርፈው ወጡ?… ሁለቴ። መስከረም ላይስ?… በየስድስት ደረጃው። ታዲያ ፈጣኑን የጀመርነው ከትናንት ወዲያ ነው። ያን ያህል ያስኬደዎት ዘገምተኛው ትንፋሽ ነው፣ "ይሄ የሕፃን ነው" የሚሉት።

— አሁን እንሥራው?… ወንበሩ መደገፊያ አለው? እሺ፣ ስልኩን እትዬ ጦቢያ ይያዙልን… እትዬ ጦቢያ፣ እንደምን አሉ?… አይ፣ ይህኛው አያዞርም። ትንሽ ካዞራቸው ያስቁሟቸው፣ ሥልጣኑ የእርስዎ ነው።

— በአፍንጫ ቀስ ብለው ያስገቡ… አይያዙት… ያውጡ፣ ረዘም አድርገው፣ ትኩስ ሾርባ እንደሚያበርድ ሰው… ጋሽዬ፣ እርስዎ አይቁጠሩ፣ ቁጥሩን ለኔ ይተዉት… አምስት… ትከሻዎን ይልቀቁት… ስምንት… አሥር። በቃ።

— ምን ተሰማዎት?… ምንም። እንኳንም ምንም አልተሰማዎት።

— ዛሬውኑ ግን ክሊኒክ ይሂዱ። እትዬ ጦቢያ ለሐኪሙ ወረቀት ላይ ይጻፉልዎት። ትናንት የሆነውን፣ የመድኃኒቱን ስም፣ ጾሙን፣ በቀን ስንቴ ደረጃ መውጣት እንደሚችሉ… ጨረሱ? ያንብቡልኝ…

— ቆይ፣ የመጨረሻዋን መስመር ማን ጨመራት?… "ቤቴን አላከራይም።" እሷን እንኳ ሐኪሙ አያክማትም፤ ለልጅዎ ነው የምትነገረው… አይ፣ አይሰርዙት። ይቆይ። ወረቀቱን እጥፍ አድርገው የሕክምና ካርድዎ ውስጥ ያስገቡት… ገባ?

— እሺ ጋሽዬ፣ ከክሊኒክ ሲመለሱ በየፎቁ እያረፉ ይውጡ። ቻው።