የዘለልኩት ማነጻጸሪያ

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛት እትዬ ጨለማ የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ሆና ሥራ የጀመረችበትን ቀን ላስታውሳችሁ። የያኔው ዳይሬክተር ላቦራቶሪውን ሊያስጎበኟት የጨለማውን ክፍል በር ብርግድ አድርገው ከፈቱት። ብርሃን የሚያደበዝዛቸው የናሙና መስታወቶች፣ ስላይዶቹ፣ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። "አንተ ሰውዬ፣ ዝጋው! ቀለሙ ሊደበዝዝ ነው!" ብላ ጮኸችባቸው። ደንግጠው ዘጉት፤ ራሳቸውን ውስጥ፣ እኛን ውጭ አድርገው።

ቅጽል ስሟም ከዚያን ቀን ወዲህ ነው። ምሳ እንኳ የምትበላው አንድ ዓይኗን ጨፍና ነው። "ጨለማውን እንዳይረሳው" ትላለች። አዲስ የተቀጠረ ወንድ ሁሉ ጠቀሰችኝ እያለ ሲደነግጥ ኖሯል።

ልጇ እዚህ ስላለች ሥራችንን በአጭሩ ልንገራት። ማክሮፋጅ የሚባሉ፣ ጀርምና የሞተ ህዋስ የሚውጡ የሰውነታችን ህዋሳት አሉ። ከታማሚው በተቆረጠች ቅንጣት ሥጋ ላይ የሚያበራ ቀለም የተያያዘበት ሞኖክሎናል አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን እንጨምራለን። እሱ ማክሮፋጁን ለይቶ ይጣበቅበትና በማይክሮስኮፕ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ችግሩ፣ አንዳንድ ሥጋ ምንም ሳይጨመርበት በራሱ ያበራል። ስለዚህ መጀመሪያ አንቲቦዲ ያልነካው ማነጻጸሪያ ስላይድ ይታያል። "እሱን ሳታይ አፍህን እንዳትከፍት!" ስንቴ ብለሽኛል፣ እትዬ?

ከስምንት ዓመት በፊት፣ አንድ ሐሙስ፣ ዘለልኩት። ኩላሊት የተተከለላት የአንዲት መምህርት ናሙና ነበር። አበራ። "ማክሮፋጅ ሞልቶታል" ብዬ ጻፍኩ፤ እትዬ አምናኝ ፈረመች። ሐኪሞቹ ማክሮፋጁ ኩላሊቱን እየተዋጋው ነው፣ ሰውነቷ አልቀበልም ብሏል ብለው የመከላከል አቅሟን የሚያዳክም ከባድ መድኃኒት ሰጧት። ለካ ኢንፌክሽን ኖሮባታል። በዘጠነኛው ቀን ሞተች።

ማነጻጸሪያውን በኋላ ሠርታ ያየችው እትዬ ናት። ያለ አንቲቦዲም ያው አረንጓዴ ነው። "የዘለልኩት እኔ ነኝ" ስላት፣ "ፊርማው የኔ ነው። አንተ ሥራህን ሥራ" አለችኝ። ለሆስፒታሉ ራሷ ጻፈች፣ ለሟቿ አባት ፊት ለፊት ቆማ ስህተቱን ነገረች፣ ከኃላፊነቷም ወረደች። እኔ ዝም አልኩ። እናንተ "የእትዬ ስህተት" ስትሉ ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኩ። ፈሪ ነበርኩ።

እትዬ፣ በእጅሽ ተው አትበይኝ፤ ዛሬ አላቆምም። የሆነውን ሁሉ ጽፌ ጠዋት ለዳይሬክተሩ አስገብቻለሁ። ነገ የመምህርቷ አባት ቤት እሄዳለሁ። ልጄ፣ አንቺም ስሚኝ፦ የእናትሽ ስም የጠፋው በኔ ነው።

ሥራ አስተምረሽኛል፣ እንጀራዬን አትርፈሽልኛል። አመሰግንሻለሁ ለማለት ምላሴ ቢከብደኝም አመሰግንሻለሁ። በሉ፣ ብርጭቆ አንሡ! ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ከልጅ ልጆችሽ ጋር እንደ ልብሽ ኑሪ። እኔን ይቅር ለማለት ግን አትቸኩዪ። ለጤናሽ!