አንድ ቁና ገብስ ስለ አንድ ሙሾ

ዛሬ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል የእመት ታየች ስልክ ጠራ። ልጃቸው ምሥራቅ አነሣችው። ደዋዩ ከአዲስ አበባ ነው። «እማማ ታየችን ፈልጌ ነበር፤ ስለ ወረቀቱ ነው» አለ። ምሥራቅ «እናቴ ትናንት ዐርፋለች፤ ቀብሯ ዛሬ ነው» አለችው። «ነፍስ ይማር» አለ። ቀጥሎም «እንግዲያው ወራሿ አንቺ ነሽ ማለት ነው?» ሲል ጠየቃት።

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ ከዲማ የመጡት መምህር ፍሥሐ፣ የእድራችን ዳኛ አቶ አስማማው፣ የቁይ ሽማግሌዎች፣ ከጉንደ ወይን ሌሊት ተነሥታችሁ የደረሳችሁ ዘመዶች፣ እናቶች፣ እኅቶች፣ ወንድሞች፤ ድካማችሁን እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ።

ለማታውቁኝ፣ ምናለ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጋዜጣ ላይ ጽፌያለሁ። ጡረታ ወጥቼ ወደ ቁይ ከተመለስሁ ወዲህ የእመት ታየች ጎረቤት ነበርሁ። ምሥራቅ ጥቂት ቃል እንድናገር ለምናኛለች፤ እንዳላረዝምም ለምናኛለች። ሁለተኛውን እሞክራለሁ።

እመት ታየች ሙሾ አውራጅ ነበሩ። እዚህ ከቆምነው መካከል በሳቸው አንደበት ያልተለቀሰለት ቤት ያለው እስቲ እጁን ያውጣ።

አያችሁ።

እንዴት ይሠሩ እንደነበር ታውቃላችሁ። ሐዘን ቤት እንደ ደረሱ አይጮኹም ነበር። መጀመሪያ ከቤቱ ሴቶች ጋር ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ይጠይቃሉ። ሟች እጁ ምን ይችል ነበር? ምን ያስቀው ነበር? ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር? ከዚያ በኋላ ብቻ ይነሣሉ። የአንዱን ሙሾ ለሌላው ደግመው አያውቁም። ለእያንዳንዱ ሬሳ አዲስ ነው።

ፈንታ የሞተ ዕለት ብዙዎቻችን ነበርን። ባለቤቱ ወለተ ሰንበት ይኸው እዚህ አለች። «ፈንታ ከማን ይጣላ ነበር?» አሏት። «ኧረ ከማንም» አለች። «አይ አንች፣ ከማንም የማይጣላ ሰው አለ?» አሏት። «ከበሬው ጋር» አለች። እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። እመት ታየች ተነሡና ሙሾውን ከበሬው ጀመሩት። በሬው ጌታውን ሲፈልግ፣ የሚሰድበው ሲያጣ። ያን ቀን ድንጋይ የሆነ ወንድ ሁሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ።

ሲጨርሱ ወለተ ሰንበት «ምን ልስጥዎት፣ እሜቴ? ቤቴን ያዩታል» አለቻቸው።

«እፍኝ ሽምብራ የለሽም?»

«ለዘር ያስቀመጥኋት ብቻ ናት።»

«እንግዲያው ከሷ አምስት ፍሬ ስጭኝ።»

አምስት ፍሬ ሽምብራ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። አንዳንዱ «ሴትዮዋ ስስታም ናት፤ ከድኻም ትቀበላለች» ብሎ አማቸው። እኔም በልቤ ብያለሁ። በኋላ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ሳይከፈል የተለቀሰለት ሰው የሰው ድካም ተሸክሞ ይሄዳል። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ምናለ። ምን አሸከመው?»

ይኸ ነበር ሕጋቸው። ከባለጠጋ ኩንታል ቢሰጧቸው ይቀበላሉ። ከድኻ አምስት ፍሬ። ባዶ እጃቸውን ግን አይመለሱም። ለራሳቸው ሥጋ ዘመድ ካልሆነ በቀር።

መምህር ፍሥሐ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎንም ላነሣ ነው። አንድ ቀን እዚሁ ደጅ «እመት ታየች፣ ሙሾሽ ከፍትሐቱ ረዘመ እኮ፤ ደግሞ በክፍያ!» ብለው ገሠጿቸው። እሳቸውም ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። «አባቴ፣ እርስዎ ለነፍሱ ፈትተው ተዝካር ይበላሉ። እኔ ለቀሩት አልቅሼ እፍኝ እህል ብወስድ ምን ይሉኛል?» አሉ። መምህር ምን እንዳደረጉ ታስታውሳላችሁ? ሳቁ። ይኸው አሁንም እየሳቁ ነው።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ የአዲስ አበባ ፊልም ሠሪ ድርጅት ሰዎች ልኮ ነበር። ፊልማቸው ውስጥ የለቅሶ ትዕይንት አለ። እውነተኛ ሙሾ ፈለጉ። አስተባባሪያቸው አማረ የሚባል ጨዋ ሰው ነው። በጋዜጣ ሥራ ያውቀኝ ነበርና እኔን ጠየቀኝ። ሰዎቹን ይዤ እመት ታየች ደጅ የቆምሁት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አይደለም።

«እሜቴ፣ ክፍያ የላቸውም። ግን ስምዎ ይታወቃል» አልኋቸው።

«የት ነው የሚታወቀው?»

«አዲስ አበባ። ውጭ አገርም።»

«እዚያ ሰው ሲሞት ይጠሩኛል?»

«እሱስ አይጠሩዎትም።»

«ታዲያ እንዴት ያለ መታወቅ ነው? እኔን በስም የሚያውቁኝ ሰዎች በደጃቸው ሳልፍ ያማትባሉ። እሳት ልጫር ብዬ ብገባ እንኳ ‹ማን ሞተ?› ይሉኛል። ይኸን ስም ነው አዲስ አበባ የምታደርሱልኝ?»

የካሜራው ሰው እስኪንበረከክ ሳቀ። እኔ ግን ገፋሁ። ጋዜጠኛ ነኛ። ስም መጻፍ እንጀራዬ ነበር። የተጻፈ ስም ትልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። «ለልጅ ልጅ ይተርፋል» አልኋቸው። እሺ አሉ። እሺ ያሉት ለኔ ብለው ነው።

መቅረጫው ተዘጋጀ። «በሉ እማማ፣ ይጀምሩ» አላቸው አማረ። «ሬሳው የታለ?» አሉ። «ሬሳ የለም፤ እንዲያው ይበሉት።» እመት ታየች ፊታቸው ተለወጠ። ሬሳ ሳይኖር ማልቀስ ለሳቸው ሞት መጥራት ነው። ከዚያ «ያልተለቀሰለት አንድ ሰው አለኝ» አሉ።

የሺዋስ ወንድማቸው ነበር። ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ፣ ወባ ይዞት፣ እዚያው ተቀበረ። ወሬው ቁይ የደረሰው ከሦስት ወር በኋላ ነው። ሬሳ አልመጣም። ለሰው ሁሉ ያለቀሱት እመት ታየች ለወንድማቸው ሙሾ ሳያወርዱ ሃያ ስምንት ዓመት ቆዩ። በዚያ ቀን በእንግዳ ሰዎች ፊት አወረዱለት።

የሰው አገር ሰሊጥ አጭደህ አጭደህ፣
የደጅህን ማሳ ለማን ሄድህ ትተህ።

ከዚህ አልፌ አልደግመውም። የኔ አይደለም።

ፊልሙ ወጣ። አምና ኅዳር፣ ኔትወርክ በተመለሰ ሰሞን፣ እመት ታየች ጨው ሊገዙ ገበያ ወጡ። ሱቁ ውስጥ የአንድ ሰው ስልክ ይጮኻል። የራሳቸው ድምፅ ነው። ለየሺዋስ የወረደው ሙሾ፣ ተዋናይ በተኛበት ሣጥን ላይ ይለቀስበታል። ለአገሩ አዲስ የሆነው ባለሱቅ «ይኸችን አልቃሽ ሰምተዋታል? አንጀት ትበላለች። የት አገር ሰው ትሆን?» አላቸው። እመት ታየች ጨውን ሳይገዙ ተመለሱ።

እኔ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየሁት። የስም ዝርዝሩን አቁሜ አነበብሁት። የምግብ አቅራቢው ስም አለ። የጄኔሬተሩ ሰው ስም አለ። ሙሾው ጋ ሲደርስ «የሕዝብ ዜማ» ይላል።

የሕዝብ ዜማ! ሕዝብ ነው መተማ የሞተው? ሕዝብ ነው ሃያ ስምንት ዓመት ዝም ያለው?

ደወልሁ። አማረ አልተቆጣም፤ አፈረ። «ስህተት ነው ጋሼ፣ እናርማለን» አለ። ከወር በኋላ ወረቀት ላከ። ድምፁን በማንኛውም ፊልም፣ በማንኛውም ማስታወቂያ፣ በስልክ መጥሪያም ጭምር ድርጅቱ ይጠቀምበታል። በምላሹ ስማቸውና ፎቶአቸው ይወጣል። ክፍያ የለም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብሁላቸው።

«ለወንድሜ ሳወርደው ዋጋ አልነበረውም» አሉ። «ሥጋዬ ነው። ለሌላ ሬሳ ካዋሉት ግን ዋጋ አለው። ያ ሳይከፈል የቀረው ድካም በማን ጫንቃ ላይ ነው ያለው? በየሺዋስ ላይ ነው። አንድ ቁና ገብስ ያምጡ። ራሳቸው ይዘው ደጄ ይምጡ። ከዚያ እፈርማለሁ።»

ለአማረ ነገርሁት። «ጋሼ፣ ውሉ ላይ ገብስ የሚጻፍበት ቦታ የለም እኮ» አለኝ። በጀት የለንም አለ። ይኸንንም ነገርኋቸው። «ለመኪናው ቤንዚን ነበራቸው» አሉና ወደ ጓሮ ገቡ።

እንግዲህ ፍርድ ላለማጣመም ሌላውንም ልናገር። አበባው እዚህ አለ፤ የጉንደ ወይኑ የሠርግ ዘፋኝ። ትናንት ሐዘን ቤት ተከራክረናል። «ጋሼ ምናለ፣ እኔ የመጀመሪያ ዘፈኔን በነፃ ነው የሰጠሁ። ዛሬ ባሕር ዳር ድረስ ለሠርግ እጠራለሁ። በነፃ ባልሰጥ ማን ያውቀኝ ነበር?» አለኝ። አልዋሸም። የሃያ አራት ዓመት ሰው ነው። ነገ ሠርግ አለው፤ ከነገ ወዲያም ሠርግ አለው። ዝናው ተመልሶ በበሩ ይገባል። ለሰባ አንድ ዓመት ሴትስ በየትኛው በር ይገባል? ይኸን ጠየቅሁት። «ቢሆንም፣ ስሟ ጭራሽ ከሚጠፋ?» አለ።

ሌሊቱን የዞረብኝ ይኸ ነው። ምሥራቅ ካልፈረመች ድምፁ አይጠፋም፤ በየስልኩ ይጮኻል። ስም የለሽ ሆኖ ይጮኻል። ከፈረመች ስማቸው ይጻፋል፤ እሳቸው አንድ ቁና ገብስ የጠየቁበት ሙሾ ግን በነፃ ለጥርስ ሳሙና ማስታወቂያም ይሆናል። ክሰሱ የሚል አለ። በምን ማስረጃ? ያኔ እሺ ያሉት በቃል ነው፤ በኔ ቃል። ትናንት ብትጠይቀኝ ፈርሚ እላት ነበር። ዛሬ ጠዋት ያንን ስልክ ስሰማ አትፈርሚ ልላት ተነሣሁ። አሁን እዚህ ቆሜ ምን እንደምላት አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰውን ነገር ቁርጥ አድርጌ ስጽፍ የኖርሁ ሰው አላውቅም ስል ይቀፈኛል። ግን አላውቅም።

የማውቀውን ብቻ ልናገር። የሰው ድካም በምስጋና አይከፈልም። ስምህን እናወጣለን ማለትም ክፍያ አይደለም፤ ስሙ መጀመሪያም የራሱ ነውና። ይኸን ከእመት ታየች ተማርሁ፤ ዘግይቼ ተማርሁ።

እመት ታየች፣ እንግዲህ ወደ እርስዎ ልዙር።

ደጅዎ ላይ እንግዳ ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። ስምዎ ይታወቃል ብዬዎት ነበር። አላስታወቅሁዎትም። ይኸው ዛሬ የሚያውቅዎት ሰው ሁሉ እዚህ ቆሟል፤ አንድም የሚያማትብ የለም። ሴቶቹ ከንጋት ጀምሮ ሲያለቅሱልዎ ውለዋል። እንደ እርስዎ አይችሉበትም፤ እየተሳሳቱ፣ እየደገሙ ነው። ምሥራቅ ለእያንዳንዳቸው በእጃቸው እህል አስይዛለች። አንዲትም ባዶ እጇን አትሄድም። ከኛ ወገን የሚሸከሙት ድካም የለም።

በሰላም ይሂዱ፣ እሜቴ። የሺዋስን ካገኙት የሆነውን ሁሉ ይንገሩት። ጥፋቱ የማን እንደሆነም ይንገሩት።

ወገኖቼ፣ ወረቀቱ በምሥራቅ ቦርሳ ውስጥ ነው። ዛሬ ጠዋት በስልክ እንደ ነገሯት፣ ድርጅቱ መልሷን የሚጠብቀው እስከ ዐርብ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ነው። ዐርብ የእናቷ ሣልስት ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ አልወሰነችም።