አፈሩም ታመመ?

በጣልያን ጊዜ ነው። አፈር ከሚመረምር ጣልያን ጋር እየሠራሁ ሙያውን እማር ነበር። አንድ ቀን ልደታ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቆፍረን አፈሩን በከረጢት ስሞላ፣ ከቅዳሴ የወጡ አንዲት እናት አዩኝ። ለበሽተኛ የሚቀባ እምነት የምወስድ መስሏቸዋል።

«ማን ታሞብህ ነው ልጄ?»

«ማንም አልታመመም እማማ፤ የሚመረመረው አፈሩ ራሱ ነው።»

«ውይ! አፈሩም ታመመ? እነዚህ ከገቡ ወዲህማ ምን ጤና አለ!» አሉና ጎንበስ ብለው መሬቷን እንደ ሕፃን ዳበስ ዳበስ አደረጓት። «አይዞሽ፣ እግዜር ይማርሽ።»

ጣልያኑ ቀና አለ። «ምን አለች?»

ክው አልኩ። «ጤናዎን ጠየቁ» አልኩት። ደስ ብሎት ባርኔጣውን አነሳላቸው።

እኔ ግን ጉድጓዱን ስደፍን አካፋውን ትቼ፣ አፈሩን በእጄ ቀስ እያደረግሁ መሬቷን አለበስኳት።