ስድስተኛው ጥያቄ

ደረጃው ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። አንዱ ሲወጣ ሌላው ከወረደ፣ ከሁለቱ አንዳቸው ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ማሳለፍ አለባቸው። ልጅቷ ከሦስተኛው ፎቅ ስትወርድ፣ አክስቷ ደግሞ ወደ ሁለተኛው ሲወጡ ፊት ለፊት የተገጣጠሙት በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ልጅቷ የያዘችውን ወረቀት ቶሎ ብላ ከጀርባዋ ሸሸገች።

«አንቺ! በሥራ ሰዓት እዚህ ምን እግር ጣለሽ?»

«እትዬ! እርስዎስ?»

«እኔማ መነጽርዎ ደርሷል ተብዬ ነው። ከላይ ያለው ጥርስ ሐኪም ነው እንዴ? አሞሻል?»

«አላመመኝም። ከላይ ያለው ማሰልጠኛ ነው።»

«የምን?»

ልጅቷ ውሸት አይሆንላትም። «የማሳጅ» አለች።

አክስትየው የደረጃውን ብረት ይዘው ሳቁ። «ማሸት በትምህርት ቤት! ማስነጠስ የሚያስተምሩትስ ስንተኛው ፎቅ ላይ ነው?»

መሳቃቸው አይፈረድባቸውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ወገብ፣ ትከሻና ቁርጭምጭሚት ሲያሹ ኖረዋል፤ ያስተማራቸው ሰው ግን የለም። ሰፈሩ «እጀ ሐር» ይላቸዋል። አንገቱ አልዞር ያለ ሹፌርም፣ ወገቧን የተያዘች ልብስ አጣቢም መጀመሪያ የሚያንኳኩት የእሳቸውን በር ነው። ልጅቷም በእጇ እሳቸውን ወጥታለች። በጸሐፊነት በምትሠራበት የጭነት መኪና ድርጅት እንኳ፣ ትከሻው የደነደነ ባልደረባ ሁሉ ሰበብ ፈልጎ ወደ ጠረጴዛዋ ይመጣል።

ሁለተኛው ፎቅ ላይ የመነጽር ሱቅ ያለው ባለ መነጽሩ «መስታወቱን እየገጠምኩት ነው፤ አረፍ ይበሉ» ስላላቸው አክስትና የእህት ልጅ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ።

«እሺ፣ ጸሐፊነቱን ጣልሽው?»

«ገና ነኝ፤ አልተመዘገብኩም። መምህሩ ዝም ብለው አይመዘግቡም። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ቁጭ ብለሽ እዪ ይላሉ። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ሳይ ሰነበትኩ።»

«እና ምን አየሽ?»

«የመምህሩን አውራ ጣት።»

«ጣቱ ምን ሆነ?»

«ጠማማ ነው፣ እትዬ። በወጣትነታቸው በጣታቸው ብቻ እየተጫኑ ሠርተው፣ ዛሬ የሸሚዛቸውን ቁልፍ የሚቆልፉላቸው ባለቤታቸው ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ጣታቸውን ዘርግተው ‹ይህን ሳታዩ እንዳትመዘገቡ› አሉን።»

እጀ ሐር ሳይታወቃቸው የራሳቸውን አውራ ጣት ጨበጥ አደረጉ። ብርድ ሲሆን እንደሚጠዘጥዛቸው ለማንም ተናግረው አያውቁም።

«ታዲያ በምን ሊታሽ ነው? በተረከዝ?»

«በክንድ፣ በክርን፣ በሰውነት ክብደት። አልጋው በአሺው ቁመት ልክ ካልሆነ፣ ከታሺው በፊት የአሺው ወገብ ያልቃል ይላሉ። በቀን ከአምስት ሰው በላይ አትንኩም ይላሉ።»

«አምስት! እኔ በአንድ ቀን ዘጠኝ ሰው አሽቻለሁ።»

«ማግስቱንስ?»

«ማግስቱንማ ተኝቼ ዋልኩ» አሉና ራሳቸው ሳቁ። ወዲያው ግን ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። «ይኼ ሁሉ ይሁን። ሰው ምን ይላል? ያላገባሽ ልጅ፣ የማታውቂውን ወንድ ጀርባ ስታሺ? እናትሽ ብትኖር ትፈቅድልሽ ነበር?»

«እሱንም ሳይሸፋፍኑ ነግረውናል። ሥራውን ለሌላ ነገር የሚፈልግ ሰው ይመጣል፤ አይመጣም ብሎ መግባት ራስን ማታለል ነው አሉን። ለዚህ ነው ፈቃድ ያለው ቤት የሚያስፈልገው። የሚታሸው አካል ብቻ ይገለጣል፣ የቀረው በአንሶላ ይሸፈናል። ከመንካቴ በፊት አስፈቅዳለሁ። በቃኝ ካለ አቆማለሁ፤ እኔም ነገሩ ካላማረኝ ሥራውን አቁሜ በሩን ከፍቼ እወጣለሁ።»

«እኔን እስከ ዛሬ ማንም ደፍሮኝ አያውቅም።»

«እርስዎን ሰፈሩ ያውቅዎታል፤ የጠበቀዎት እሱ ነው። እኔ የምሠራው ከማያውቀኝ ሰው ጋር ነው። እኔን የሚጠብቀኝ ደንቡ ነው።»

አክስትየው ወሬ ለወጡ።

«ይሄ ሰውዬ ምነው ቶሎ ቢል! ከዚህ ወጥቼ ባለ ዳቦ ቤቷ ጋ እሄዳለሁ። ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። አሁን ደግሞ አንዱ ባቷ አብጦ እሳት ሆኗል አሉኝ። በሞቀ ዘይት አንዴ ጠበቅ አድርጌ ካሸኋት ይለቃታል።»

የልጅቷ ሐሳብ ወዲያው ወደ እናቷ ሄደ።

ከሁለት ዓመት በፊት እናቷ ሆዷን ኦፕራሲዮን ሆና ሦስት ሳምንት ተኝታ ነበር። ቁስሏ ደርቆላት ሁሉም ተመስገን ባለበት ሰሞን አንድ ባቷ አበጠ። እጀ ሐር እህታቸውን ማንም እንዲነካባቸው አልፈለጉም፤ ራሳቸው ዘይት አሙቀው፣ እያጫወቷት፣ እያሳቋት አሿት። በማግስቱ ረፋድ ላይ ልጅቷ የእናቷን ጸጉር እያበጠረች ሳለ የእናቷ ትንፋሽ ተቆረጠ። ማበጠሪያው ጸጉሯ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ። ሐኪሙ ለልጅቷ «የረጋ ደም ሳንባዋ ውስጥ ገብቶ ነው» አላት። ከየት እንደመጣ ግን አልጠየቀችም፤ ያን ቀን ማን ጠያቂ ነበር? ከየት እንደመጣ ያወቀችው በዚህ ሳምንት፣ ሰኞ ዕለት፣ መምህሩ በያዘችው ወረቀት ላይ ያለውን ስድስተኛ ጥያቄ ሲያስረዱ ነው።

ወረቀቱን ደረጃው ላይ የደበቀችው አክስቷን ፈርታ አልነበረም፤ ለአክስቷ ፈርታ ነው። እኚህ ሴት ከእጃቸው ሌላ የሚኮሩበት ነገር የላቸውም። አሁን ግን የባለ ዳቦ ቤቷ እግር መጣ። ዝም ብትል አንዲት ሴት ትጎዳለች፤ ብትናገር አክስቷ ይሰበራሉ።

«እማማ፣ ደርሷል» አለ ባለ መነጽሩ። «ያድርጉትና የሚነበብ ነገር ይሞክሩበት።»

አክስትየው መነጽሩን አድርገው ወዲያ ወዲህ አዩ። «ውይ፣ ግድግዳህ እንዲህ ቆሻሻ ነው እንዴ!» አሉት። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረው «እስቲ ያንን ስትደብቂው የነበረውን ወረቀት አምጪው፤ አላዩኝም ብለሽ ነው?»

ልጅቷ ሰጠቻቸው።

እንደ ተማሪ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። «ከመታሸትዎ በፊት የሚጠየቁት… አንድ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ሁለት፣ ቆዳዎን ዘይት ያስቆጣዋል?… ይህቺማ ጥሩ ናት። ሦስት፣ ነፍሰ ጡር ነዎት?…» አራትን አለፉ፤ አምስትን አለፉ። «ስድስት፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከረጅም መኝታ በኋላ አንድ እግርዎ ብቻ አብጧል? ይሞቃል? ከሆነ አይታሽም፤ የረጋ ደም ሊኖር ስለሚችል ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ…»

ድምፃቸው እዚያ ላይ ቀረ። ባለ መነጽሩ «ደብዘዝ አለብዎት?» አለ።

«ግራው ነበር» አሉ አክስትየው ቀስ ብለው። «ግራ ባቷ ነበር። መቼ አወቅሽ?»

«ሰኞ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«እንዴት ብዬ ልንገርዎት፣ እትዬ?»

እጀ ሐር ሁለት እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አዩዋቸው። የሌላ ሰው እጅ የሚያዩ ይመስሉ ነበር። ከዚያ በድንገት ተነሡ። «ነይ፤ ባለ ዳቦ ቤቷ ዘይት አስሙቃ እየጠበቀችኝ ነው።»

ባለ ዳቦ ቤቷ ከመደብሩ ጀርባ ባለው ክፍል፣ የዱቄት ከረጢት ከተደረደረበት ግድግዳ አጠገብ ተኝታለች። ዘይቱ እውነትም ሞቋል። እጀ ሐር እጃቸውን ካፖርት ኪሳቸው ውስጥ ከተው ቆሙ።

«ሁለቱም ነው ያበጠው ወይስ አንዱ?»

«አንዱ ነው። ምነው ቆመው ቀሩ? ዛሬ እጅዎ ኪስ ገባ እንዴ?» አለች ባለ ዳቦ ቤቷ።

«ዛሬ እጄ አይነካሽም። ማንም እንዳይነካሽ። ሐኪም ቤት እንሄዳለን፤ አሁኑኑ።»

«ሠላሳ ዓመት ሐኪም ምን ያደርጋል ሲሉን ኖረው!»

«ሠላሳ ዓመት ሳልጠይቅ ነክቻለሁ። ተነሽ፤ ይህች ልጅ ታክሲ ጠርታልሻለች።»

ሐኪሙ የረጋውን ደም ባቷ ውስጥ አገኘው። መድኃኒት ጀመረችና ከሳምንታት በኋላ ተመልሳ ዳቦዋን ትሸጥ ጀመር።

በሳምንቱ አክስትየው ጠባቡን ደረጃ እስከ ሦስተኛው ፎቅ ወጡ። መምህሩን ቁጭ እንኳ ሳይሉ ጠየቋቸው። «ጌታዬ፣ እህቴን እኔ ነኝ የገደልኳት?»

መምህሩ ጠማማ ጣታቸውን እያሻሹ መለሱላቸው። «ገድለዋታል ልልዎት አልችልም፤ አልገደሏትም ብዬም አልምልልዎትም። የረጋ ደም ማንም ሳይነካውም ይሄዳል፤ ከአልጋ ስትወርድም ሊሄድ ይችል ነበር። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ያን ቀን የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ሐኪም ዘንድ ትደርስ ነበር። እርስዎ ደግሞ አልተማሩም እንጂ አልጨከኑም።»

«እንግዲያው ያስተምሩኝ።»

«መጀመሪያ አንድ ሳምንት ቁጭ ብለው ያያሉ።»

«ሠላሳ ዓመት ሳሽ የኖርኩት እኔም?»

«ከሁሉ ይበልጥ እርስዎ።»

አክስትና የእህት ልጅ በአንድ ወንበር ተቀምጠው ተማሩ። አክስትየው የአጥንትና የጡንቻ ስም አልያዝ እያላቸው ልጅቷን በክርናቸው ይጎሽሟት ነበር። እሷ ደግሞ የእጅ ልስላሴን፣ ማንም መጽሐፍ የማይሰጠውን፣ ከእሳቸው ትማር ነበር።

ዛሬ ሁለቱ ፈቃድ ያለው አንድ ትንሽ ክፍል አላቸው። አልጋው በቁመታቸው ልክ ነው፤ አንሶላው ለእያንዳንዱ ሰው ይለወጣል፤ ጥፍር በየማለዳው ይቆረጣል። የታሺው ወሬ ከበሩ አይወጣም። የማይችሉት ሲመጣ «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም፣ ወደ ሐኪም ሂድ» ይላሉ፤ ይህን በማለታቸው የቀረባቸው ሰው የለም፣ እንዲያውም በዛላቸው። የአክስትየው አውራ ጣት ብርድ ሲመጣ እንደ ድሮው አይጠዘጥዝም። እጄ ጥሩ ነው ብሎ ወደዚህ ሥራ ለመግባት ለሚቸኩል ሰው ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፤ መጀመሪያ ቁጭ ብለህ እይ፣ የራስህን ገላ ጠብቅ፣ ሳትጠይቅ አትንካ።

ጥያቄዎቹንም ሁልጊዜ የሚያነቡት አክስትየው ናቸው። አምስተኛውን ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጉታል። ደንበኛው አቧራ ገብቶበት ይመስለዋል። ልጅቷ የያዘችውን የዘይት ማሰሮ ታስቀምጥና፣ አክስቷ መነጽሩን መልሰው እስኪያደርጉ ድረስ አጠገባቸው ቆማ ትጠብቃቸዋለች።