በአስተርእዮ ማርያም ቀን የተጠገነው መብራት

ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ወደ ጋራዦቹ ሰፈር በምትወርድ ባጃጅ ውስጥ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንደኛው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲጠግኑ የኖሩት ጋሽ ይስማው ናቸው። ሁለተኛዋ ዘመናይ ናት፤ የጭነት መኪኖች ማኅበር የጥገና ሥራውንና መዝገቡን እንድትመረምር የላካት ወጣት ባለሙያ።

«ዛሬ ደግሞ ወረቀት የምታገላብጥ ሴትዮ ትመጣለች አሉ» ብለው ጨዋታ ጀመሩ ጋሽ ይስማው። «መብራቱ መሥራቱን አይደለም የምታይ፤ መጻፉን ነው።»

«ምናልባት ሁለቱንም ታይ ይሆናል።»

«ኧረ ተይኝ ልጄ! ቅጽ መኪና ያቆማል?»

«አያቆምም አባቴ። ሴትዮዋ እኔ ነኝ።»

ባለ ባጃጁ ሳቁ አመለጠው። ጋሽ ይስማው ግን አልደነገጡም። «በይ እንግዲያው አብረን እንውረድ። ከመጣሽ አይቀር እጄንም እይው» አሉ።

ጋራዡ በር ላይ የእህታቸው ልጅ ታረቀ ከጉንደ ወይን ጤፍ ጭኖ የመጣውን መኪና ከነተሳቢው አቁሞ ይጠብቃል። ከሰዓት በፊት አባይ በረሃን ሊወርድ ነው፤ የቀረው የዘመናይ ፊርማ ብቻ ነበር።

ዘመናይ የተሳቢውን ፋይል ገለጠች። ሦስት ቅጾች፣ ሦስት ጊዜ አንድ ዓይነት ቃል፦ «የፍሬን መብራት ተስተካክሏል።» ምኑ ተበላሸ? ምን ተቀየረ? እንዴት ተፈተነ? አንዱም የለም። ደሟ ፈላ። አንድ መብራት በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከተስተካከለ፣ ከቶ አልተስተካከለም ማለት ነው! ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ያለፈውን ወረቀት ማንበብ ይበቃል። የሚያነብ ግን አልነበረም።

«ጋሽ ይስማው፣ ጥር 21 ቀን ይህን ተሳቢ ጠግነው ነበር?»

«ወግጂ! በአስተርእዮ ማርያም እኔ መፍቻ ልነካ? መርጡለ ማርያም ለንግሥ ሄጄ ነበር። ጋራዡም ዝግ ነው።»

«ታዲያ ይህ የማን ፊርማ ነው?»

ሽማግሌው ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት። የራሳቸው ነበር።

«እሱማ... ቅጹን ወር ሲያልቅ ተሰብስበን ነው የምንሞላው። ቀኑን እንደመጣልን ነው የምንጽፍ።»

«ለማርያም ክብር ብለው ያልሠሩበትን ቀን፣ ሠርቻለሁ ብለው ፈረሙበት!»

ቃሉ ዘልቆ ተሰማቸው፤ ስለዚህም ተቆጡ። «ስሚ! እኔ ምስክሬ ሥራዬ ነው። ታረቀ፣ ፍሬን ርገጥ!»

ታረቀ ረገጠ። የተሳቢው ሁለት መብራቶች ደም መስለው በሩ።

«ይኸው! ምን ቀረሽ?»

«እቴ ዘመናይ፣ ፈርሚልኝና ልሂድ» አለ ታረቀ ከላይ ሆኖ። «ጉም ሳይወርድብኝ።»

ዘመናይ እስክሪብቶዋን አወጣች፤ ግን አልፈረመችም። ፋይሉ መጨረሻ ላይ የታጠፈች አራተኛ ወረቀት ነበረች። በታኅሣሥ የጻፋት ሙላት የሚባል ቴክኒሻን ነው፤ አሁን ይጁቤ ከተማ ገብቶ ይሠራል። ጮክ ብላ አነበበችው፦ «መኪናው ቀጥ ብሎ ሲቆም ይበራል። ሲታጠፍ ይጠፋል። ችግሩ አምፖል አይመስለኝም፤ ገመዱ ይታይ።»

«ሙላት?» ጋሽ ይስማው ሊስቁ ቃጣቸው። «ጽሑፍ ስለሚያበዛ ጸሐፌ ትእዛዝ እያልን ስናሾፍበት የኖርነው?»

«እሱ ነዋ። ታረቀ፣ መሪውን ጥምዝዝ አድርገህ ትንሽ ወደፊት ሂድ። ከዚያ ፍሬን ያዝ።»

መኪናው ታጠፈ፤ ተሳቢው ተከተለ። ፍሬኑ ተያዘ። መብራት የለም። አንዱም።

ታረቀ ወርዶ የጨለሙትን መብራቶች ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። «አጎቴ» አለ በቀስታ፣ «አባይ በረሃ እኮ ቀጥ ያለ መንገድ የለውም።»

ጋሽ ይስማው ከመኪናውና ከተሳቢው መገናኛ ሥር ገቡ። ገመዱ አጥሮ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ሲሳብ ከብረቱ ጋር ተፋትጎ ተላልጧል። ሦስት ጊዜ ደህና አምፖል አውጥተው ሌላ ደህና አምፖል ሲከቱ ኖረዋል!

ረዘም ያለ ገመድ ቀየሩ፤ ከብረቱ አርቀው አሰሩት። ከዚያ ማንም ሳይነግራቸው፣ «ታረቀ፣ ወደ ቀኝ! አሁን ወደ ግራ! አሁን ቀጥ!» እያሉ አስፈተኑት። በሦስቱም በራ።

«ጎበዝ ባለሙያ ነዎት» አለች ዘመናይ፤ ቁጣዋ በርዶ ነበር። «እጅዎን አልጠረጠርሁም። እጅዎ ያወቀውን ግን ነገ የሚመጣው ባለሙያ በምን ይወቅ? ቢጻፍ እሱ እርስዎ ካቆሙበት ይጀምራል። ሾፌሩ ምን ይዞ እንደሚወርድ ያውቃል። ከኋላው ያለው አውቶቡስ በጉም ውስጥ ከመጋጨት ይድናል። አደጋ ደርሶ ጥፋተኛው ይስማው ነው ቢባል እንኳ፣ ችሎት ፊት የሚቆምልዎት ይኸው ወረቀት ነው።»

«በቃ፣ ረታሽኝ። ሙላትንም ደውዬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። አምጪው እስክሪብቶውን።»

የተበላሸውን፣ የተቀየረውን፣ የተፈተነበትን ሁሉ የዕለቱን ቀን አስቀድመው ጻፉ። ዘመናይ አንብባ ፈረመች። ታረቀ ሞተሩን አስነሣ፤ መውጫው ላይ ሲታጠፍ ፍሬን ያዘ፤ ሁለቱም መብራቶች በሩ።

ጋሽ ይስማው ግን ገና ከፋይሉ ላይ አልተነሡም። የጥር 21ዱን ቅጽ አወጡ፣ የራሳቸውን ፊርማ በአንድ መስመር ሰረዙትና ከሥሩ እንዲህ ብለው ጻፉ፦

«በዚህ ቀን አልሠራሁም። ማርያም ነበረች።»